ረድፍ ቤቶች በጥበቃ ክልል፤ የመስኮትና የጣሪያ ለውጥ በእንግሊዝ አገር የሚመራበት ሥርዓት

በእንግሊዝ አገር ከተሞች ጎን ለጎን ተያይዘው፣ በጋራ ግድግዳ ተደጋግፈውና አንድ ወጥ ገጽታ ይዘው የተሠሩ ረድፍ ቤቶች ከመኖሪያ ቤቶች ሰፊ ድርሻ ይይዛሉ። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከተገነቡት መካከል በርካቶቹ ዛሬ የሚገኙት በሕግ የጥበቃ ክልል ተብለው በተሰየሙ ሰፈሮች ውስጥ ነው።

ረድፍ ቤት በራሱ ግቢ ለብቻው ከቆመ ቤት የሚለየው የአንድ ትልቅ ሕንጻ አካል በመሆኑ ነው። አሥር ወይም ሃያ ቤቶች አንድ የጣሪያ መስመር፣ አንድ የመስኮት ልክና አንድ የአሸንዳ ከፍታ ይዘው ይቆማሉ። አንዱ ባለቤት መስኮቱን በሌላ ዓይነት ቢተካ ለውጡ በእርሱ ቤት ተወስኖ አይቀርም፤ ከመንገድ የሚታየውን ረድፍ በሙሉ ያዛባል። በዚህም ምክንያት የበሰበሰ መስኮት መቀየርና የሚያፈስ ጣሪያ ማደስ ተራ የቤት ጥገና መስሎ ቢታይም የአካባቢ ምክር ቤቶች፣ የፕላን ባለሙያዎችና የቤት ባለቤቶች ለዓመታት ሲነጋገሩበት የቆየ አስተዳደራዊ ጉዳይ ሆኗል።

የጥበቃ ክልል የሚለው አሠራር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 በወጣው የከተማ ውበት ሕግ ነው። ረቂቁን ለፓርላማ ያቀረቡት የቀድሞው ሚኒስትር ደንከን ሳንዲስ ሲሆኑ፣ በሕጉ መሠረት በመጀመሪያ የተሰየመችው በሊንከንሻየር የምትገኘው የስታምፎርድ ከተማ ናት። ከዚያ በፊት የአገሪቱ ሕግ ይጠብቅ የነበረው በቅርስነት የተመዘገቡ ነጠላ ሕንጻዎችን ነበር። አዲሱ ሕግ ግን አንድን ሰፈር እንደ ሰፈር፣ ከመንገዱ፣ ከዛፉና ከቤቶቹ አሰላለፍ ጋር ጠቅልሎ የመጠበቅን ሐሳብ ይዞ መጣ። በአሁኑ ወቅት በእንግሊዝ ብቻ 10 ሺህ ገደማ የጥበቃ ክልሎች ይገኛሉ።

ሥራ ላይ ያለው እ.ኤ.አ. የ1990 ሕግ የጥበቃ ክልልን ልዩ የሥነ ሕንጻ ወይም የታሪክ ፋይዳ ያለው፣ ባሕርይው ወይም ገጽታው ሊጠበቅ ወይም ሊሻሻል የሚገባው አካባቢ በማለት ይተረጉመዋል። ምክር ቤቶች የፕላን ውሳኔ በሚሰጡበት ጊዜም ለዚሁ ባሕርይና ገጽታ ልዩ ትኩረት እንዲሰጡ ያስገድዳል። "መጠበቅ" የሚለው ቃል አከራካሪ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ1992 በወቅቱ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ትርጉም ሰጥቶበታል። በውሳኔው መሠረት አንድ ሥራ የአካባቢውን ገጽታ የማሻሻል ግዴታ የለበትም፤ ጉዳት ሳያደርስ ካለፈ ገጽታው እንደተጠበቀ ይቆጠራል።

ይሁን እንጂ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነጥብ አለ። አንድ ሰፈር የጥበቃ ክልል ተብሎ መሰየሙ ብቻውን የቤት ባለቤቱን መስኮት ከመቀየር አያግደውም። በእንግሊዝ የፕላን ሥርዓት አነስተኛ የግንባታ ሥራዎች ለእያንዳንዳቸው ማመልከቻ ሳያስፈልግ በአገር አቀፍ ደንብ አስቀድሞ ፈቃድ የተሰጣቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ይኸው ደንብ በጥበቃ ክልሎች ውስጥ አንዳንድ ሥራዎችን ለይቶ ይከለክላል። የቤቱን የውጭ ግድግዳ በድንጋይ፣ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ንጣፍ መሸፈን እና የጣሪያውን ቅርጽ በማሳደግ ተጨማሪ ክፍል ማውጣት ከተከለከሉት መካከል ናቸው። የመስኮት ለውጥ ግን ቁሳቁሱ ከነባሩ ቤት ጋር የሚመሳሰል ገጽታ ይኑረው ከሚል ግዴታ ጋር ተፈቅዷል። ለጣሪያ ክዳን የተቀመጠው ሁኔታ ደግሞ ከዚህም የላላ ነው። አዲሱ ክዳን ከነባሩ የጣሪያ ገጽ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዳይወጣ ይደነግጋል እንጂ ቁሳቁሱ ተመሳሳይ እንዲሆን አያስገድድም።

"የሚመሳሰል ገጽታ" የሚለው አነጋገር ለትርጉም የተጋለጠ መሆኑ አይካድም። ነጭ ቀለም የተቀባ የእንጨት መስኮትና ነጭ የፕላስቲክ መስኮት ከሩቅ ለሚያይ ይመሳሰላሉ ብሎ የሚከራከር ባለቤት አለ፤ የምክር ቤቱ ባለሙያ ደግሞ በቅርብ ያለውን የአሠራር ልዩነት እያነሣ ይሞግታል። የዚህ ክፍተት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2009 በግልጽ ታይቷል። በወቅቱ የአገሪቱን ታሪካዊ ቦታዎች የማስተዳደር ኃላፊነት የነበረው ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ ምክር ቤቶችን በማነጋገር ባካሄደው ጥናት፣ ከጥበቃ ክልሎች 83 በመቶ የሚሆኑት ከአካባቢው ገጽታ ጋር በማይጣጣሙ የመስኮትና የበር ለውጦች መጎዳታቸው ተረጋግጧል። ከተዘረዘሩት ሥጋቶች ሁሉ ቀዳሚውን ስፍራ የያዘውም ይኸው ነበር። ሰፈሮቹን ያጎሳቆለው አንድ ትልቅ የማፍረስ ውሳኔ ሳይሆን እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ኢምንት የሆነ፣ አብዛኛውም ሕጋዊ የሆነ ለውጥ ነው።

ለዚህ ሕጉ ያስቀመጠው መፍትሔ በተለምዶ "የአንቀጽ 4 ትዕዛዝ" የሚባለው ነው። ስያሜውን ያገኘው ከላይ በተጠቀሰው ደንብ አንቀጽ 4 ሲሆን፣ አንድ ምክር ቤት በተወሰነ አካባቢ ውስጥ አስቀድሞ የተሰጠውን አጠቃላይ ፈቃድ እንዲያነሳ ሥልጣን ይሰጠዋል። ትዕዛዙ ሥራውን አይከለክልም፤ ባለቤቱ ማመልከቻ አቅርቦ እንዲፈቀድለት ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ከመንገድ በሚታይ የቤቱ ፊት ላይ መስኮት፣ በር፣ የጣሪያ ክዳን ወይም የጭስ ማውጫ ለመቀየር የፕላን ፈቃድ ግድ ይሆናል።

ትዕዛዙን ማውጣት ለምክር ቤቱ ቀላል ሥራ አይደለም። የሚነሳው የትኛው ፈቃድና በየትኛው ጎዳና እንደሆነ በማስረጃ መደገፍ ይኖርበታል፤ የመንግሥት የፕላን ፖሊሲም ትዕዛዙ በተቻለ መጠን ጠባብ በሆነ አካባቢ እንዲወሰን ያዝዛል። ለነዋሪዎች ማስታወቂያ ተሰጥቶ አስተያየት ለመቀበል ቢያንስ 21 ቀናት ይጠበቃል። የካሳው ጉዳይ ደግሞ የበጀት ኃላፊዎችን በቀጥታ የሚመለከት ነው። ምክር ቤቱ ትዕዛዙ ሥራ ላይ ከመዋሉ ቢያንስ 12 ወራት አስቀድሞ ካሳወቀ የካሳ ተጠያቂነት አይኖርበትም። አስቸኳይ ነው በማለት ወዲያውኑ ሥራ ላይ ካዋለው ግን በ12 ወራት ጊዜ ውስጥ አመልክተው ፈቃድ የተከለከሉ ባለቤቶች ላወጡት ወጪና ለደረሰባቸው ጉዳት ካሳ ሊጠይቁ ይችላሉ። ወዲያውኑ ሥራ ላይ የዋለ ትዕዛዝ በስድስት ወራት ውስጥ ካልጸደቀም ይሻራል። በመሆኑም አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው የአንድ ዓመቱ መንገድ ሲሆን፣ በዚሁ ዓመት ውስጥ ነዋሪዎች ተሽቀዳድመው መስኮታቸውን የሚቀይሩበት ዕድል መኖሩ የአሠራሩ ደካማ ጎን ነው። በትዕዛዙ ምክንያት የሚቀርቡ ማመልከቻዎች እስከ እ.ኤ.አ. ጥር 2018 ድረስ ከክፍያ ነጻ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ክፍያ ይጠየቅባቸዋል።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ተቀራራቢ የሆነ ሐሳብ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ውስጥ ይገኛል። አዋጁ የማይንቀሳቀሱ ቅርሶች ተሰባስበው የሚገኙበት ቦታ የተከለለ አካባቢ ተብሎ በሚኒስትሮች ምክር ቤት እንዲሰየምና በዚያ ውስጥ ያለ ፈቃድ ግንባታ እንዳይካሄድ ደነገገ። በእንግሊዝ ሥያሜውን የሚሰጠው የአካባቢው ምክር ቤት ራሱ መሆኑ ግን መሠረታዊ ልዩነት ነው።

ወደ ሥራው ዝርዝር ሲገባ በይበልጥ የሚያከራክረው መስኮቱ ነው። የእንግሊዝ ረድፍ ቤት መለያ የሆነው መስኮት ሁለት ክፈፎች አንዱ በሌላው ፊት ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱበት፣ በጎኑ ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ በተንጠለጠለ ክብደት ሚዛኑን የሚጠብቅ መስኮት ነው። ቅርጹን የወሰኑት የእሳት አደጋ ሕጎችና ግብር ናቸው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. የ1709 የለንደን ሕግ እሳት ከቤት ወደ ቤት እንዳይዛመት መስኮቶች ከግድግዳው ፊት አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ እንዲገቡ አዘዘ። እ.ኤ.አ. የ1774ቱ ደግሞ የእንጨት ሳጥኑ ከጡቡ ጀርባ እንዲሸሸግ አደረገ። ዛሬ በጆርጂያን ዘመን ቤቶች ፊት ላይ የሚታየው ጥልቅ ጥላና ቀጭን የእንጨት መስመር የዚህ ውጤት ነው። ከእ.ኤ.አ. 1696 እስከ 1851 ሲከፈል የቆየው የመስኮት ግብር፣ እንዲሁም በ1845 የተነሣው የመስታወት ቀረጥ በመስኮት ብዛትና በመስታወት ስፋት ላይ የራሳቸውን አሻራ ትተዋል። ቀረጡ ከተነሣ በኋላ ሰፋፊ መስታወት በመርከሱ ቀድሞ በስድስት ትንንሽ መስታወት የተከፈለው ክፈፍ በአንድ ወይም በሁለት መስታወት መሞላት ጀመረ። ከዚህ የተነሣ አንድ ባለሙያ የመስኮቱን አከፋፈል አይቶ የቤቱን ዕድሜ በግምት ሊናገር ይችላል።

የፕላስቲክ መስኮት በዚህ ረድፍ ውስጥ ሲገባ ልዩነቱ የሚታየው በቀለሙ ሳይሆን በውፍረቱ ነው። ፕላስቲክ እንደ እንጨት ቀጥኖ ጥንካሬ ስለማይኖረው ክፈፉ ይደልባል፤ የመስታወቱ ስፋት ያንሳል። መስታወቱን የሚከፋፍሉት ዘንጎች ብዙ ጊዜ ከላይ የተለጠፉ ወይም በሁለቱ መስታወቶች መካከል የተቀበሩ ናቸው። ከመንሸራተት ይልቅ ወደ ውጭ የሚከፈቱ ከሆነ ደግሞ መስኮቶቹ በተከፈቱ ቁጥር የረድፉ መስመር ይሰበራል። በዚህ ላይ ፕላስቲክ ሲሰበር በአብዛኛው ሙሉ በሙሉ ይተካል እንጂ እንደ እንጨት በከፊል አይጠገንም።

የነዋሪው አቤቱታም ቀላል የሚባል አይደለም። አሮጌ መስኮት ብርድ ያስገባል፣ ይንኳኳል፣ ድምፅ ያሳልፋል፤ የማሞቂያ ወጪም ከባድ ነው። ለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመከረው መጠገን ነው። በቪክቶሪያ ዘመን ጥቅም ላይ የዋለው ጥድ ቀስ ብሎ ያደገ በመሆኑ እንጨቱ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ የሚበሰብሰውም በአብዛኛው ውኃ የሚያርፍበት የታችኛው ክፈፍና ደፉ ብቻ ነው። የበሰበሰው ክፍል ተቆርጦ አዲስ እንጨት ይቀጠልበታል፣ ገመዱ ይለወጣል፣ በዙሪያው የነፋስ መከላከያ ማሰሪያ ይገባል። የግላስጎው ካሌዶኒያን ዩኒቨርሲቲ ለኢንግሊሽ ሄሪቴጅ ባካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ በሆነው ጥናት በዚህ መልክ የታሸገ መስኮት የነፋስ ፍሰቱን እስከ 86 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ተመልክቷል። በውስጥ በኩል የእንጨት መዝጊያ መዝጋት ወይም ሁለተኛ የመስታወት ክፈፍ መግጠም ደግሞ በመስታወቱ በኩል የሚወጣውን ሙቀት ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። ሁለተኛው ክፈፍ የመንገድ ጫጫታን በመቀነስ ረገድም ጥሩ ውጤት ያለው ሲሆን፣ ከውጭ የሚታየውን ገጽታ ስለማይነካ የፕላን ፈቃድ አይጠይቅም። መስኮቱ ከመጠገን ያለፈ ሆኖ ሲገኝ በነባሩ ልክና አከፋፈል የተሠራ አዲስ የእንጨት መስኮት፣ እንደ ሁኔታውም ቀጭን ድርብ መስታወት ያለው፣ ይፈቀዳል።

ከፕላን ፈቃድ ሌላ የሕንጻ ደንብ የሚባል ራሱን የቻለ ሥርዓት እንዳለ መዘንጋት አይገባም። ሁለቱን ማምታታት በተግባር ተደጋግሞ የሚታይ ስሕተት ነው። ከእ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2002 ጀምሮ የመስኮት ለውጥ በሕንጻ ደንብ ቁጥጥር ሥር ገብቷል። ሥራው በተመዘገበ ገጣሚ ከተሠራ ገጣሚው ራሱ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ካልሆነ ለምክር ቤቱ የሕንጻ ቁጥጥር ክፍል ማሳወቅ ያስፈልጋል። ከእ.ኤ.አ. ሰኔ 2022 ወዲህ አዲስ የሚገጠም መስኮት የሚያሳልፈው ሙቀት በካሬ ሜትር ከ1.4 ዋት በዲግሪ እንዳይበልጥ ወይም ከተወሰነ የጥራት ደረጃ እንዳያንስ ተወስኗል። በጥበቃ ክልል ለሚገኙ ቤቶች ግን ደንቡ ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። መስፈርቱ የሚሟላው የቤቱን ባሕርይ ተቀባይነት በሌለው መንገድ እስካልለወጠ ድረስ ነው። ስለዚህ "የኃይል ቁጠባ ሕጉ አስገድዶኝ ነው ፕላስቲክ ያስገባሁት" የሚለው ምክንያት ተቀባይነት የለውም።

ወደ ጣሪያው ሲመጣ ዋናው ቁሳቁስ ስሌይት የሚባለው፣ በቀጭኑ እየተሰነጠቀ የሚነጠፍ ግራጫ ድንጋይ ነው። በሰሜን ምዕራብ ዌልስ ከሚገኙት እንደ ፔንሪንና ዲኖርዊክ ካሉ የድንጋይ ማውጫዎች በመርከብ፣ በኋላም በባቡር እየተጫነ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መላውን የእንግሊዝ ከተማ አለበሰው። የማዕድን መልክዓ ምድሩም እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጥሩ የዌልስ ስሌይት ከመቶ ዓመት በላይ ያገለግላል። አርጅቶ የሚንሸራተት ጣሪያ ሲታይ በአብዛኛው ያረጀው ድንጋዩ ሳይሆን የያዘው ምስማር ነው። ልምድ ያለው ባለሙያ ድንጋዩን በጣቱ መታ አድርጎ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠውን ለይቶ እንደገና ይጠቀምበታል። የጎደለው ከሌላ ቦታ በተገኘ አሮጌ ድንጋይ ወይም ተመሳሳይ ቀለምና ልክ ባለው አዲስ ይሟላል፤ ከስፔን የሚመጣው ስሌይትም በገበያው ላይ ሰፊ ቦታ ይዟል።

በርካሽነቱ ምክንያት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በብዙ ጣሪያዎች ላይ የወጣው የኮንክሪት ክዳን ከውበት ጉድለቱ በላይ የክብደት ችግር አለበት። ስሌይት በካሬ ሜትር 30 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን ኮንክሪቱ እስከ 50 ይደርሳል። ለቀላል ክዳን የተሠሩት ወራጆችና ማገሮች ከጊዜ በኋላ ይጎብጣሉ። በዚህ ምክንያት የክዳኑ ክብደት ከ15 በመቶ በላይ የሚጨምር ከሆነ የሕንጻ ደንቡ የጣሪያው አቅም እንዲመረመር ይጠይቃል።

ረድፍ ቤት ላይ በይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ሁለት ጣሪያዎች የሚገናኙበት መስመር ነው። አንዱ ቤት ክዳኑን ለብቻው ሲቀይር በወፍራሙና በቀጭኑ ክዳን መካከል ደረጃ ይፈጠራል፤ ውኃም በዚያ በኩል ወደ ጎረቤት ይገባል። የሙቀት መከላከያ ንጣፍ ከወራጆቹ በላይ ከተደረገ የጣሪያው ከፍታ ከጎረቤቱ ከፍ ስለሚል፣ በጥበቃ ክልል የሚመረጠው በወራጆቹ መካከል ወይም በኮርኒሱ ላይ መዘርጋት ነው። ከጣሪያው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሲታደስ የመከላከያ ንጣፉን ማሻሻልም በደንቡ ግዴታ ሆኗል። ሥራው የጋራ ግድግዳውን የሚነካ ከሆነ፣ ለምሳሌ የእርሳስ ቆርቆሮ ለማስገባት ግድግዳው የሚቆረጥ ወይም በጋራ የተያዘ የጭስ ማውጫ የሚነካ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የጋራ ግድግዳ ሕግ ለጎረቤቱ የሁለት ወር የጽሑፍ ማስታወቂያ እንዲሰጥ ያዛል። መወጣጫ በእግረኛ መንገድ ላይ የሚቆም ከሆነም የመንገድ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልጋል። በጣሪያ ውስጥ የሌሊት ወፎች ካሉ መኖሪያቸውን ማወክ ወንጀል ስለሆነ ሥራው አስቀድሞ በባለሙያ መታየት አለበት። የአስቤስቶስ አጠቃቀም በአገሪቱ ሙሉ በሙሉ የታገደው እ.ኤ.አ. በ1999 በመሆኑ በአሮጌ ሰው ሠራሽ ክዳኖች ውስጥ ሊገኝ እንደሚችልም ይታሰባል።

የታክስ ሥርዓቱ ከጥበቃ ዓላማው ጋር የተጣጣመ ነው ለማለት ያስቸግራል። የጥገና ሥራ 20 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፈልበታል። አዲስ ቤት መገንባት ግን ዜሮ ታክስ ነው። የሙቀት መከላከያ ንጣፍ እስከ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2027 ከታክስ ነጻ ሆኖ የሚገጠም ሲሆን፣ የመስኮት ጥገና በዚህ ዝርዝር ውስጥ አልተካተተም።

ያለ ፈቃድ የተሠራ ሥራ ሲገኝ የሚወሰደው እርምጃ በቤቱ ደረጃ ይለያያል። በዮርክሻየር የምትገኘው የሳልቴር የፋብሪካ መንደር ረድፍ ቤቶች በአብዛኛው በነጠላ ስማቸው በቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው። በእንዲህ ያለ ቤት ላይ ባሕርዩን የሚነካ ለውጥ ያለ ፈቃድ ማድረግ ራሱ ወንጀል ነው፤ ምክር ቤቱ እርምጃ ለመውሰድም የጊዜ ገደብ የለበትም። በጥበቃ ክልል ውስጥ ያለ ነገር ግን በነጠላ ያልተመዘገበ ቤት ላይ መስኮት መቀየር ወንጀል አይደለም። ምክር ቤቱ ነባሩ ገጽታ እንዲመለስ የሚያዝ የማስፈጸሚያ ማስታወቂያ ያወጣል፤ ባለቤቱ ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ወንጀል የሚሆነው ማስታወቂያው ጸንቶ ሳይፈጸም ሲቀር ነው። እርምጃው የሚወሰድበት የጊዜ ገደብ ቀድሞ አራት ዓመት የነበረ ሲሆን፣ ከእ.ኤ.አ. ሚያዝያ 25 ቀን 2024 ጀምሮ ወደ አሥር ዓመት ከፍ ብሏል። ከዚህ ቀን በፊት የተጠናቀቁ ሥራዎች በቀድሞው ገደብ ይስተናገዳሉ።

በተግባር ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ቤቱ ሲሸጥ ነው። የገዢው የሕግ ጠበቃ የመስኮቱን የምስክር ወረቀትና በአካባቢው የአንቀጽ 4 ትዕዛዝ መኖር አለመኖሩን ይጠይቃል፤ ትዕዛዙም በምክር ቤቱ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ስለሚገኝ ሻጩ አላወቅሁም ቢል አይደመጥም።